የዕድሜ ጨረታ በዘይት ፋብሪካው ግቢ

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ሃያ ሦስት ሰው በተሰበሰበበት ግቢ፣ በምሳ እረፍት፣ ደብተርና እርሳስ ይዤ ቆሜ፣ ዕድሜ ስንት ልበል እያልኩ አንዱን በሌላው ፊት የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ጎንደር ተወልዳ ያደገች ሴት እንዲህ ያለ ሞኝነት ትሠራለች ብሎ የሚያምን የለም። እኔ ግን ሠርቼዋለሁ፤ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው፤ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በአዋጅ ከተፈቀደ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የምሠራው ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ዘይት ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካ ማለቴ ለክብሯ ነው እንጂ ያሏት ሁለት አዳራሽ፣ አንድ ሚዛንና ጣሊያን ጥሎት የሄደ አንድ መጭመቂያ ብቻ ነበሩ። ከደንቢያ የመጣው ኑግ በአንድ በኩል ይገባል፤ በሌላ በኩል ዘይቱ በበርሜል፣ ተጨምቆ የቀረው ፋጉሎ ደግሞ ለከብት መኖ በጆንያ ይወጣል። ሽታው ከልብሳችን አይለቅም፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰው ገና ሳያየን ማን እንደመጣ ያውቅ ነበር። እኔ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጬ የገባውን ኑግና የወጣውን ዘይት እመዘግባለሁ። ማኅበሩ ሲቋቋም ገንዘብ ያዥ አድርገው የመረጡኝ ችሎታዬን አይተው እንዳይመስላችሁ። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ስለማይተማመኑ ነው።

ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠው የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦ የምንለው ሰው ነበር። ግዙፍ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ልቡ ግን ደግ። በግቢው ያለ ሰው ሁሉ «አያ» እያለ ይጠራዋል። ጎረቤት ሲጣላ ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ድግስ ላይ ውሃ መጀመሪያ የሚፈስሰው በእሱ እጅ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ እኔም አንቱ እለው ነበር። በኋላ ዕድሜው ሲቀንስ አንተ እንድለው ራሱ ስለፈቀደልኝ፣ እዚህ እሱ እያልኩ ብጽፍ አትቀየሙኝ።

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ እንደሚያገኙ ሰምተን ነበርና እኛስ ምን ጎደለን አልን። እያንዳንዳችን በየወሩ አንድ አንድ ብር ልናዋጣ፣ ባለ ፋብሪካውም በላዩ ሊጨምርበት ተስማማን። ገንዘቡ ፒያሳ ካለው ባንክ ይቀመጣል፤ ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ሥራ አቁሞ በሕይወት እስካለ በየወሩ ይከፈለዋል፤ ክፍያው የሚጀምረውም ከሚመጣው መስከረም ነው። ይህን ሳስረዳ አንዱ ጆንያ ተሸካሚ ፊቱን አጠቆረብኝ። እድር የሚያውቅ ሰው ነውና ለሞተ እንጂ ለኖረ የሚከፍል ማኅበር ሰምቶ አያውቅም። እስከ መቼ ነው የሚከፈለኝ ብሎ ጠየቀኝ። እስክትሞት አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ እንግዲያውስ ማን ይሞታል ብሎ የመጀመሪያውን ብር አወጣ።

ከዚያ ነው ደብተሬን ይዤ ዕድሜ ልጠይቅ የወጣሁት። ጆንያ ተሸካሚው ሠላሳ ስድስት አለ። ከጎኑ ያለው እሱን በታናሽነት የሚያዝዝ ሰው ነውና ከሱ ማነስ አይሆንለትም፤ አርባ አለ። ሦስተኛው የሁለቱም ሠርግ ላይ አባት ሆኜ ቆሜአለሁ ባይ ስለሆነ አርባ አራት አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜው እንደ ጨረታ ወጣ። ጢሙ በቅጡ ያልሞላ የበርሜል አጣቢ ሳይቀር ሃምሳን ነካ። የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ቦታ እያስከበረ ነው። በመጨረሻ ካቦው ጉሮሮውን ጠራረገና ሃምሳ ስድስት ብሎ ጨረታውን አሸነፈ። እኔም፣ ሰው እየሰማኝ ነው ብዬ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ሳለሁ ሠላሳ አምስት ብዬ ራሴን ጻፍኩ።

አንድ ሰው ቀርቶ ነበር፤ በሩ አጠገብ መሬት ላይ የተቀመጡ፣ መጭመቂያው ላይ የሚሠሩ ሰው። ምሳቸውን ቶሎ ይጨርሱና ከሸምበቆና ከሐረግ የንብ ቀፎ ይሠሩ ነበር፤ ስለዚህ ቀፎ ሠሪው እንላቸዋለን። ራሳቸውን ሁልጊዜ ተላጭተው ቆብ ያደርጋሉ። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔን አርባ አራት ብለሽ ጻፊኝ» አሉ። ጻፍኳቸው። ሐረጉን ሲያስሩ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ደብተሩን ለማታ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህሬ ወሰድኩት። እንዲያመሰግነኝ ነበር የጠበቅሁት። ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። እናንተ ኑግ የምትጨምቁት መቼ ነው፣ ይህ እኮ የአዛውንት ጉባኤ ነው አለኝ። ከዚያ ሳቁን ትቶ አስረዳኝ። የጡረታ ገንዘብ እንደ በርሜል ነው፤ ከላይ በቀጭኑ ይገባል፣ ከታች በቧንቧ ይወጣል። አንድ ሁለት ሰው ሲጠጣበት ሌላው እየሞላ ይኖራል። በእኔ ደብተር ግን ከሃያ ሦስት ሰው አሥራ አራቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሃምሳ አምስት ይሞላቸዋል፤ አሥራ አራት ቧንቧ ተከፍቶ የሚሞላ በርሜል የለም። በአራተኛው ዓመት ባንክ የሚቀረን ደብተሩ ብቻ ይሆናል። መንገዱን ሁሉ ፊቴ እየነደደ ሄድኩ። በእነሱም፣ ይበልጡን በራሴ ተናድጄ ነበር።

መምህሩ መላ አልነፈገኝም። እያንዳንዱ ሰው መወለዱን የሚያውቅ ምስክር ያምጣ፤ እናት፣ የክርስትና አባት፣ ጎረቤት፣ ማንም ይሁን አለ። ይህን ለማኅበርተኛው ብናገር ሁሉም ወደ ካቦው ዞሮ አየ። አያ ከቀነሰ እንቀንሳለን፤ እሱ ሳይቀንስ እኛ ብንቀንስ ግን የልጅ ልጆቹ ልንመስል ነው አሉ። ካቦው ደግሞ እጁን አጣምሮ ተነሣ።

«ዕድሜዬን ደብተር አልሰጠኝም» አለ። «ደብተርም አይወስድብኝም።»

እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። እንግዲያው በአራተኛው ዓመት በእንጀራ ፈንታ ክብሩን ይበላል አልኩ፤ ሁሉም ሰሙ፤ ስብሰባው በዚያው ተበተነ። ሳምንት ሙሉ ካቦው በሚዛኔ በኩል ሲያልፍ ሰላም የሚለው ሚዛኑን ነበር።

በዚያ ሳምንት ነው ቀፎ ሠሪው ሰው አለመኖሩን አይተው ወደ እኔ የመጡት። ቆባቸውን አወለቁ። አዲስ የበቀለው ፀጉራቸው እንደ ጥጥ ነጭ ነው። አርባ አራት ያሉኝ ውሸት መሆኑን ነገሩኝ። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ሲለምኑ ሸምግለሃል ብለው እንዳይመልሷቸው ፈርተው ዓመት አጎደሉ፤ አንዴ ያጎደሉትን መመለስ አሳፈራቸው። እውነተኛውን እሳቸውም አያውቁትም፤ ብቻ ስልሳ ሳይነካኝ አይቀርም አሉ። ጭልጋ፣ አይከል አጠገብ፣ ሴት ልጃቸው ቦታ ሰጥታቸዋለች። አሥራ ሁለት ቀፎ ሠርተዋል። ንብ የሚገባው መስከረም አበባው ሲፈነዳ ስለሆነ ከዚያ በፊት ወጥተው ሊሰቅሉት ይፈልጋሉ። ክረምቱን እንደምንም እችላለሁ፣ ሌላ ዓመት ግን መጭመቂያውን አልችለውም አሉኝ። እጃቸውን አሳዩኝ። አርባ አራት ብዬ የጻፍኩበትን እርሳስ መስበር አማረኝ።

ምስክር አለዎት ወይ አልኳቸው። እናታቸውም የክርስትና አባታቸውም ሞተዋል። ልጅነታቸውን ከሚያውቅ የአገራቸው ሰው በሕይወት ያሉት አንዲት ባልቴት ናቸው፤ እሳቸውም የካቦው እናት። ይህን ሲነግሩኝ መሬት መሬት ያያሉ። ካቦው የአገራቸው ልጅ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። ሥራ ያስገባቸውም እሱ ነበር፤ ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ አያ ብለውት ኖረዋል።

ግንቦት ነበርና መንገዱ ሳይጨቀይ ሄድኩ። በገበያ ቀን፣ ጨው በጫነ ማኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ፣ አቧራ እየቃምኩ አይከል ደረስኩ። የካቦውን እናት ለማግኘት ሁለት ሰው ብቻ ነው የጠየቅሁት። ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ሳቃቸው ግን የልጃገረድ የሆነ ባልቴት ናቸው። ልጄ ደህና ነው ወይ አሉኝ። ደህና ነው፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሞላው አልኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ምነው ልጄ፣ እኔስ ስንት ልሆን ነው? እኔ መቼ ተወልጄ ልውለደው?»

ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። ልጃቸው የተወለደው የደብሩን ክዳን ነፋስ ባነሣው ክረምት ነው፤ ጣሊያን ሲገባ በሬ ጠምዶ ማረስ የጀመረ ጎረምሳ ነበር። እሳቸው በጣት፣ እኔ በእርሳስ ደምረን አርባ ሰባት ላይ ተገናኘን። ቀፎ ሠሪውን ሳነሣባቸው ፊታቸው በራ። ያ ሸጋ ልጅ አለ ወይ አሉ። የወንድማቸው ሠርግ ጊዜ ሚዜ የነበረ፣ ጢሙ መብቀል የጀመረ ጎበዝ ነበር። ሙሽራ ሊያመጡ ሲሄዱ ወንዙ ሞልቶ ኖሮ፣ የሦስት የአራት ዓመቱን ልጃቸውን አዝሎ ያሻገረው እሱ ነው። ልጁ ከውሃው ፍርሃት የተነሣ መሐል ወንዝ ላይ ሽንቱን ለቅቆ የሚዜውን አዲስ ኩታ ከላይ እስከ ታች አራሰበት። ልጁን ሳይጥል፣ ሳይቆጣም፣ ሠርጉን በዚያው ኩታ ዋለ። ባልቴቷ ይህን ሲነግሩኝ እያነቡ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ።

ስነሣ ሁለት ቅል ቅቤ ሰጡኝ። አንዱ ለልጄ፣ አንዱ ወንዝ ላሻገረው ሰው፤ የሁለተኛውን ልጄ በራሱ እጅ ይስጥልኝ አሉ።

ጎንደር ተመልሼ መጀመሪያ ቀፎ ሠሪውን አገኘሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩትም ብዬ ተቆጣኋቸው፤ ቁጣ የልቤን ደስታ መደበቂያዬ ነው። ሐረጋቸውን መጠምዘዝ ሳያቆሙ መለሱልኝ።

«ሥራ ያስገቡኝን ሰው፣ ‹በልጅነትዎ ጀርባዬን አርሰውታል› ልበላቸው?»

ካቦውን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ሰው በሌለበት ሁለቱን ቅል ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩለት። እናትዎ ደህና ናቸው፣ ይህ ለእርስዎ፣ ይህ ደግሞ በልጅነትዎ ወንዝ አዝሎ ላሻገረዎ ሰው፣ በእጅዎ እንዲሰጡት ብለዋል አልኩት። ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ኩታውንም አልደበቅሁትም። ምናልባት ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ቅሎቹን አንሥቶ በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሑድ ስብሰባ ነበረን፤ በዚያ ቀን ካልተስማማን ባለ ፋብሪካው የሚጨምረውን እንደሚተው ነግሮናል፤ ያ ከቀረ ደግሞ የቀፎ ሠሪው መስከረምም አብሮ ይቀራል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ለሊቀ መንበሩ እንደ ልማዳችን ብቸኛዋን ወንበር አስቀምጠንለታል። ካቦው አልተቀመጠባትም። አንዷን ቅል ይዞ ቆመ።

«ይቺን ቅል እናቴ የላከችው ለአያ ነው» አለ።

ሰው ሁሉ ግራ ገባው፤ በዚያ ግቢ አያ የሚባል እሱ ራሱ ነው። እሱ ግን ቅሉን ይዞ በመካከላችን አልፎ እስከ በሩ ሄደና ቀፎ ሠሪው ፊት ጎንበስ አለ። ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ያዙት። ከዚያ ክንዳቸውን ይዞ አምጥቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። ታሪኩን ራሱ ነገረን፤ ወንዙን፣ ሠርጉን፣ ኩታውን፣ ምንም ሳያስቀር። ኩታው ላይ ሲደርስ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

«አርባ ሰባት ነኝ። ጻፊ።»

ጻፍኩ። የዚህ ሰው ነገር ዛሬም ይደንቀኛል። ስምንት የሥራ ዓመት ነው በአንድ ቃል የተሸከመው። በዚያው ደብተር ከመስከረም ጀምሮ ቤቱ ተቀምጦ ሊከፈለው ይችል ነበር፤ ከእኔና ከእናቱ በቀር ማን ያውቅበታል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን መያዝ አልተቻለም። ዕድሜው እንደወጣው ሁሉ ቁልቁል ወረደ። ሃምሳ ያለው በርሜል አጣቢ ሃያ ስምንት ነኝ አለ፤ በማግስቱ እናቱ መጥታ ሃያ ስድስት አደረገችው። አንዱ ከመጠን በላይ ተግቶ ቀንሶ ከበኩር ልጁ በዘጠኝ ዓመት ብቻ በለጠ፤ ልጁን ማን ወለደልህ ተብሎ በግድ ሰባት ዓመት ተመለሰለት። የአንዱ ሚስት ማኅበሩን ልታመሰግን መጣች፤ ሽማግሌ አግብቼ ስኖር ጎልማሳ አመጣችሁልኝ አለች። የሚያጉረመርም አልጠፋም። ጆንያ ተሸካሚው ዕድሜ መለስሽልኝ ብዬ ላመሰግንሽ ነበር፣ ለካ ሥራ ነው የጨመርሽብኝ አለኝ። ሁሉም ሲያልቅ የእኔን ጠየቁኝ። ሠላሳ አምስት የሚለውን ሰርዤ ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ፤ ከሁሉም በላይ የተሳቀው በዚህ ነው።

መምህሩ አዲሱን ደብተር ሲያይ አልሳቀም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላ አድሮ ጠዋት መጣ። በዓመት አንድ፣ ሲበዛ ሁለት ሰው ይወጣል፤ የቀረው እየሞላ ይቆያል፤ ትንሹ ሠራተኛ እስኪሸመግል በርሜሉ አይደርቅም አለኝ። ይህን ስሰማ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ለሃያ ሦስት ሰው እርጅና ቃል የገባሁት እኔ ነበርኩና።

ቀፎ ሠሪው በካቦው እናት ምስክርነት ስልሳ ተብለው ተጻፉ። ጳጉሜን ሳያልቅ አሥራ ሁለቱን ቀፎ ማኪና ላይ ጭነን ሸኘናቸው። ያን ቀን ራሳቸውን ሳይላጩ ነው የሄዱት። መስከረም መጨረሻ የመጀመሪያ ጡረታቸውን ሊቀበሉ ሲመጡ ፀጉራቸው ሙሉ ነጭ፣ ፊታቸው በንብ የተነደፈ፣ ሰባቱ ቀፎ ንብ ገብቶለት በደስታ የሚሆኑትን አጥተው ነበር። ብሩን ከመንካታቸው በፊት ያነሡልኝ ግን የንቡን ወሬ አይደለም። እኔ ይህን ከወሰድኩ ለበርሜል አጣቢው ይተርፋል ወይ አሉኝ። ይተርፋል አልኳቸው፤ ማይልኝ አሉ፣ ማልኩ።

ከዚያ ወዲህ ወር በገባ ቅዳሜ ሁሉ የማየው አንድ ነገር ነበር። ከሚዛኑ ኋላ ያለው የቢሮዬ በር አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ነው። ካቦው እሳቸውን ሊቀበል ይወጣና በሩ ላይ ይቆማል። «አያ፣ ይቅደሙ» ይላል። እሳቸው የሃያ ዓመት ልማዳቸው አልለቅ ብሏቸው «አያ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላሉ። እኔ ብሩን ቆጥሬ፣ ማስፈረሚያውን ገልጬ እጠብቃለሁ። ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ያያል። አንድ ቅዳሜ ይኸው ሲረዝም ትዕግሥቴ አለቀና ከውስጥ ሆኜ አንዳችሁ ግቡ ብዬ ጮኽኩ። ያኔ ቀፎ ሠሪው ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ጀርባቸውን ለካቦው ሰጥተው ጎንበስ አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉት።

«በል ና ልዘልህ፤ አብረን እንግባ» አሉት።